የአረጋውያን የቀን መዋያ፦ ከሆስፒታል ክፍል ወደ ፈቃድ ወረቀት

አረጋውያን ጠዋት መጥተው ማታ ወደየቤታቸው የሚመለሱበት የቀን መዋያ ማዕከል መነሻው ሆስፒታል ነው። ሕመምተኛን አልጋ ሳያስይዙ ቀን ቀን ብቻ ማከም መጀመሪያ የተሞከረው በአእምሮ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 በሞስኮ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በሞንትሪያልና በለንደን እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች ተከፍተዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩን ለአረጋውያን በማዋል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው እንግሊዛዊው ሐኪም ላዮኔል ኮሲን ነው።

ኮሲን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነበር። በጦርነቱ ዘመን በኤሴክስ ኦርሴት በሚባል ስፍራ ሲሠራ፣ ለረጅም ጊዜ የአልጋ ቁራኛ ሆነው የቆዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በእጁ ገቡ። በዘመኑ ልማድ እርጅና ራሱ በሽታቸው ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ከማብላትና ከማጽዳት ያለፈ የሚደረግላቸው ነገር አልነበረም። ኮሲን አንድ በአንድ ሲመረምራቸው ግን ብዙዎቹን ያደከማቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን መተኛታቸው መሆኑን ተረዳ። የዳሌ ስብራት ያለበትን በቀዶ ሕክምና ጠግኖ፣ እግሩ የከዳውን ደግፎ አቁሞ ያራምድ ጀመር። የማይነሡ የተባሉ ሰዎች ተነሥተው ቤታቸው ገቡ።

በ1950 ኦክስፎርድ ወደሚገኘው ካውሊ ሮድ ሆስፒታል ሲዛወር ሌላ ችግር ጠበቀው። ድኖ የወጣ አረጋዊ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ወንበር ላይ ከዋለ ጉልበቱ መልሶ ይከዳዋል፤ ጠያቂ ቤተሰብ ያለው እንደሆነም አስታማሚው ይዝላል። መፍትሔው ሕመምተኛውን ጠዋት በመኪና አምጥቶ፣ ፊዚዮቴራፒና የእጅ ሥራ እያሠሩ አውሎ፣ ምሳ አብልቶ ማታ መመለስ ሆነ። ለዚሁ አገልግሎት ብቻ የታነጸው የቀን ሆስፒታል በ1958 ሥራ ጀመረ። በ1960 ገደማ ኮሲን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሰሜን ካሮላይና በቼሪ ሆስፒታል ተመሳሳይ ፕሮግራም እንዲቋቋም ረድቷል።

አሜሪካ ውስጥ ሐሳቡ ቶሎ አልተስፋፋም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይፈስ ነበር። በ1965 የወጡት ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት የመንግሥት የጤና መድን ሕጎች ለሆስፒታልና ለመጦሪያ ቤት አልጋ የሚከፍሉ እንጂ ቤቱ አድሮ ቀን የሚታገዝን ሰው ያሰቡ አልነበሩም። በዚህም የተነሣ በየከተማው የበዛው መጦሪያ ቤት ነው።

ነገሩን የለወጠው በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር የተደረገው ሙከራ ነው። በሰፈሩ ያረጁት ስደተኞች ብዙዎቹ ወንደላጤዎች ነበሩ፤ ከ1882 እስከ 1943 የቆየው የቻይናውያን ማገጃ ሕግ ሚስትና ልጅ እንዳያመጡ አድርጓቸው ነበርና። የሚኖሩት ደረጃው ቀጥ ባለ አሮጌ ሆቴል፣ አልጋና ወንበር ብቻ በሚያስገባ ክፍል፣ ወጥ ቤቱን ከጎረቤት ተጋርተው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዊልያም ጊ በተባሉ የጥርስ ሐኪም የሚመራ ኮሚቴ መጦሪያ ቤት ለመሥራት አስቦ፣ ማሪ-ሉዊዝ አንሳክ የተባለች የስዊዘርላንድ ተወላጅ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጥናት እንድታደርግ ቀጠረ። ጥናቷ የኮሚቴውን ሐሳብ የሚያፈርስ ሆነ፤ ሕንፃው ከአቅም በላይ ነው፣ ሰዎቹም ከቋንቋቸው፣ ከምግባቸውና ከሰፈራቸው ተነቅለው መጦሪያ መግባት አይሹም። አንሳክ የእንግሊዝን የቀን ሆስፒታል አሠራር አጥንታ ኦን ሎክ የተባለው ድርጅት በ1971 ተቋቋመ፤ ማዕከሉም በ1973 ተከፈተ። ባለጉዳዩ ያልጠየቀውን ሕንፃ ከመሥራት የታቀበው ያ ኮሚቴ ለዘርፉ የዋለው ውለታ ከብዙ ሕግ ይበልጣል።

ኦን ሎክ ኋላ ሐኪሙንም፣ የቤት ለቤት እንክብካቤውንም ጨመረ፤ ከ1983 ጀምሮም ለእያንዳንዱ አረጋዊ በየወሩ ቁርጥ ክፍያ እየተቀበለ ሙሉ ኃላፊነቱን ወሰደ። ፔስ የሚባለው ይህ አሠራር በ1997 በፌዴራል ሕግ ቋሚ ሆኗል።

የፈቃዱ ታሪክ ከክፍያው ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም። የመጀመሪያዎቹ ማዕከላት ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በበጎ አድራጊዎች ቤት የተጀመሩ ስለነበሩ፣ ለእነሱ ተብሎ የወጣ ደንብ እምብዛም አልነበረም። መንግሥት መክፈል ሲጀምር ግን የሚከፍለው ለምን እንደሆነ መጠየቁ አልቀረም። ሜዲ-ካል የሚባለው የካሊፎርኒያ ሜዲኬይድ ለኦን ሎክ የቀን አገልግሎት መክፈል የጀመረው በ1974 ነው፤ የግዛቱ የአረጋውያን የቀን ጤና እንክብካቤ ሕግ የወጣው ደግሞ በ1977። በ1981 ኮንግረስ ግዛቶች የሜዲኬይድን ገንዘብ ከመጦሪያ ቤት ውጭ ለሚሰጥ እንክብካቤ እንዲያውሉ በር ሲከፍት፣ ሌሎችም ግዛቶች ደንብ ማውጣቱን ተያያዙት።

በዚህ መንገድ ሁለት ዓይነት ማዕከል ተለየ። አንደኛው ጨዋታ፣ ምግብና ጥበቃ የሚሰጥ ማኅበራዊ መዋያ ነው፤ ሁለተኛው ነርስና ቴራፒስት ያሉበት የጤና መዋያ። በካሊፎርኒያ የፊተኛው ፈቃድ ከማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ የኋለኛው ከጤና መሥሪያ ቤት ይወጣል። የጤና መዋያው ደንብ ዝርዝሩ ጥብቅ ነው፤ ለምሳሌ የመኪናው ጉዞ ሳይቆጠር አገልግሎቱ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት መሆን አለበት። የሙያው ብሔራዊ ማኅበር በበኩሉ ለ6 ተገልጋዮች ቢያንስ 1 ሠራተኛ እንዲመደብ ይመክራል።

የማዕከላቱ ቁጥር ሲያሻቅብ ካሊፎርኒያ በ2004 ለአዳዲስ ማዕከላት የሜዲ-ካል ዕውቅና መስጠት አቆመች። በ2011 በበጀት እጥረት አገልግሎቱን ጨርሶ ልትሰርዝ ስትል ተጠቃሚዎች ከሰሷት፤ ጉዳዩ በስምምነት አልቆ በሚያዝያ 2012 አገልግሎቱ በአዲስ ስም ቀጠለ። ዛሬም በዚያ የጤና መዋያ ከፍቶ በሜዲ-ካል ገንዘብ ማሠራት የሚፈልግ ሰው የሁለት መሥሪያ ቤቶችን ደጅ ይጠናል። ፈቃዱን የሚሰጠው የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ ወደ ሜዲ-ካል ክፍያ የሚያስገባውን ምስክር ወረቀት የሚመረምረው ግን የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው።