ከአዳራሽ በፊት ጉርብትና፦ ከቦጂ እስከ አምበር

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአምበር እንድታገለግሉ ብትላኩ፣ መጀመሪያ የምትፈልጉት የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነው ወይስ የመኖሪያ ቤት? ታሪካችን ለሁለተኛው ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1898 የሐማሴኑ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ወለጋ፣ ቦጂ ደረሱ። በዚያው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በክህነታቸው እያገለገሉ ቃሉን ሕዝቡ በሚሰማው በኦሮምኛ አስተማሩ። ኦነሲሞስ ነሲብ የተረጎሙት አዲስ ኪዳን ከ5 ዓመት በፊት፣ በ1893 ታትሟል። መጽሐፉ ነበረ፤ የጎደለው ከሕዝቡ ጋር እየኖረ የሚያነብለት ሰው ነበር። ቄሱ በ1905 በተነሣ ቃጠሎ ሰው ለማዳን ሲጥሩ ሞቱ። ለእሑድ ስብከት ብቻ የሚመጣ አገልጋይ እሳት ሲነሣ በቦታው አይገኝም።

ሁለተኛዋ ምስክር የከተማ ሰው ናቸው። የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩት የኃይለ ጊዮርጊስ ወርቅነህ ባለቤት፣ ነርሷ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ፣ በደርግ ዘመን 5 ዓመት ታስረዋል። ከተፈቱ በኋላ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ መዲናዋ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ነበር። በተክለ ሃይማኖት አካባቢ የተጀመረው ሥራቸው የቤት እድሳትን፣ ጤናንና የማኅበረሰብ ልማትን አንድ ላይ የያዘ ነበር፤ ነዋሪውም እርዳታ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን የሥራው ባለቤት እንዲሆን ተደርጓል።

ከሁለቱም አንድ ነገር እንማራለን፦ ፍቅር አድራሻ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ቤት መከራየት ብቻውን ጎረቤት አያደርግም። የጎጃም ገበሬ እኛ ሳንመጣ ወንፈልና ደቦ ነበረው፤ የከተማውም ነዋሪ ዕድር አለው። ስለዚህ የፍቅር መምህራን ሆነን ሳይሆን ተማሪዎች ሆነን እንግባ። ሕሊናችን የማይፈቅደው ዝክር ሊኖር ይችላል፤ ያንን በትሕትና መናገር ይቻላል። ድንኳን መትከል፣ ለቅሶ መድረስና ቀብር መሸኘት ግን የማንንም ሕሊና አይጎዳም። ከእነዚህ ከራቅን፣ የሰፈሩ ሰው ስለ እኛ የሚያውቀው የድምፅ ማጉያችንን ብቻ ይሆናል።

ወዳጅነታችንም ማጥመጃ አይሁን። ጎረቤታችን ወደ ጉባኤያችን ባይመጣ እንኳ ሲታመም የምንጠይቀው፣ እኛም ስንታመም የሚጠይቀን ሰው ነው። ዮሐንስ 1፥14 ቃል ሥጋ ሆኖ በሰዎች መካከል እንዳደረ ይነግረናል። ጌታ ከሩቅ ሆኖ መልእክት መላክ አልበቃውም፤ የእርሱ መልእክተኞችስ በምን ሥልጣን እንለያለን?