ባንድ የሚባለው ኪቦርዱ ነው ወይስ ሰውየው? (ስለ ዋልያስ ባንድ)

በጥር ወር እዚሁ ሐራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ዳሱ ሞቅ ብሏል። አንድ ልጅ ኪቦርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ፍላሽ ሰክቶ፣ አንድ ዘፋኝ ማይክ ይዞ አጠገቡ ቆሞ ሠርጉን ያስኬዱታል። መሀል ላይ መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ እናቶች ከበሮ አምጥተው ሠርጉን ተረከቡት፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ከነበረው የተሻለ ተጨፈረ። ያኔ አጠገቤ የተቀመጠ የ11ኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ ጥሪ ወረቀቱ ላይ "በባንድ የታጀበ" ይላል። ባንድ የሚባለው ኪቦርዱ ነው ወይስ ሰውየው?»

ሳቅንበት። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ይሄ ልጅ ሰባት ስምንት ሰው አንድ መድረክ ላይ ሆኖ አንድ ዜማ ሲጫወት በዓይኑ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔም ብሆን በልጅነቴ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። እስቲ ስለ አንድ ባንድ ላጫውታችሁ ብዬ ተነሳሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርነው አይገባንም። በአገራችን ዘመናዊ ባንድ የተወለደው በወታደር ቤት ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው የነፋስ መሣሪያ ቡድን አቋቋሙ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማም የሱ ነው። ከዚያ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት እያንዳንዳቸው ኦርኬስትራ አቋቋሙ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ተጫዋቹ ወታደር ነው። ደመወዙም፣ ልብሱም፣ የሚነፋው ትራምፔትም የመንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ክቡር ዘበኛ ሲነሳ፣ ከሙከራው በኋላ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር የታሰረው ለዚህ ነው። ዘፋኝ ቢሆንም የዘበኛ ሰው ነዋ!

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የምሽት ክበብና ሆቴል ሲበዛ ሙዚቀኞች ከወታደር ቤት እየወጡ በግል መጫወት ጀመሩ። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 በሸክላ ሥራ ላይ የነበረውን የሀገር ፍቅር ቲያትር ብቸኛ መብት ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ድፍረቱ ቀላል አልነበረም። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ የሚወራው በአብዛኛው ከሱና ከዓሊ ታንጎ ካይፋ ሙዚቃ ቤት የወጣው ነው።

ግን የግል ባንድ ሲባል የማን የግል? በዚያን ጊዜ ጊታሩም፣ ድራሙም፣ ማጉያውም የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ባለቤቱ ከተጣላህ ባዶ እጅህን ትወጣለህ፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ያንተን ጊታር ይዞ ይቆማል። ባንድ እየተመሠረተ ቶሎ ቶሎ የሚፈርሰው አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከገበሬ ጋር ብናነጻጽረው የጢሰኛ ኑሮ ነው፤ በሬውም ማረሻውም የባለቤቱ።

ዋልያስ ባንድን የተለየ ያደረገው እዚህ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ በሚባል ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። መሣሪያው የራሳቸው ስለሆነ የሚሠሩበትን ቦታ መርጠው፣ ዋጋ ተደራድረው መግባት ቻሉ። የገቡትም ተራ ቦታ አይደለም፤ አዲስ አበባ ሂልተን። ኪቦርድና ኦርጋን ላይ ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎን ላይ ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ላይ ዮሐንስ ተኮላ፣ ቤዝ ላይ መላከ ገብሬ፣ ጊታር ላይ ማህሙድ አማን፣ ድራም ላይ ተማረ ሐረጉ፤ ፒያኖና ቅንብር ላይ ደግሞ ግርማ በየነ።

ኃይሉ ሸዋ የተወለደ፣ በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ የገባ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ አኮርዲዮን ራሱን በራሱ ያስተማረ ልጅ ነው። እሱም የጦር ሠራዊቱን ሙዚቃ ክፍል ቀምሶ ነው የመጣው።

ሂልተን ውስጥ ሥራው ምን ይመስል ነበር? መጀመሪያ እንግዳው እራት ሲበላ ለስለስ ያለ ነገር፣ ከዚያ የፈረንጁ ዳንስ፣ ከዚያ የእኛ። ዲፕሎማቱም፣ ነጋዴውም፣ የአዲስ አበባ ዘናጭም አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። አንድ ባንድ ይሄን ሁሉ ጠባይ ማስደሰት አለበት። አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያለ የኢትዮጵያን ዜማ የሚጫወት ባንድ ሁሉ የጎረቤቶቻችንን ስም እየጠራ ነው የሚጫወተው። አምባሰል እኮ እዚሁ ሐብሩ ሥር ናት። የሂልተን እንግዳ ግን አምባሰል ተራራ መሆኑን ከየት ያውቃል?

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መስከረም 1967 ንጉሡ ወረዱ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 ሱቁን ዘግቶ አሜሪካ ቀረ። ብዙ ክበብ ተዘጋ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «ደርግ ሙዚቃውን ገደለው» ብለው ይጽፉልኛል፤ ፈተና ላይ ግማሽ ነጥብ ነው የምሰጠው። ምክንያቱም ዋልያስ በደርግ ዘመን ከሰባት ዓመት በላይ ሠርቷል። እንዴት ቢባል፣ ሰዓት እላፊ ስላለ ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። በሩ ይዘጋል፣ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል፣ ሲነጋ ሁሉም ወደ ቤቱ። ሰው እዚያ ውስጥ የሚያድረው ጭፈራ ስለወደደ ብቻ አልነበረም፤ ውጪ የሚጠብቀውን ስለሚያውቅም ነው። «ቼ በለው» የተባለው የዋልያስ ሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በእኛ 1969 እና 70 መሆኑ ነው። ቀይ ሽብር! ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሬሳ የሚታይበት ዓመት። ያን ሸክላ ስትሰሙ ይሄን አትርሱ።

«ቼ» ፈረስ የሚነዳበት ቃል መሆኑን ለሐራ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሸክላው ቃል የለውም፤ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ገብቶበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የምትባለው የግርማ በየነ ድርሰትም እዚያ ላይ ናት፤ ዛሬ የአውሮፓና የአሜሪካ ባንዶች የሚጫወቷት ዜማ። ለምን ቃል አልባ ሠሩ? አንዱ ምክንያት የሆቴል ሥራ ነው፤ የሚበላ ሰው ጆሮው ላይ ግጥም አይፈልግም። እኔ ግን ሌላም አያለሁ፦ ግጥም ቢኖረው ሳንሱር ይገባበታል። ኦርጋን ምን አለ ተብሎ ማን ይከሰሳል?

በዚያው ጊዜ መንግሥት በየቀበሌው፣ በየአውራጃው፣ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን እያቋቋመ ነበር። የእኛው የወሎው ላሊበላ ኪነት የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ እነ ማሪቱ ለገሰን ለአገር ያስተዋወቀ። ስለሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ዕዳ አለብኝ። ለዛሬው ግን ልዩነቱን ያዙ፦ ኪነቱ እንደ ክቡር ዘበኛው መሣሪያውም መድረኩም የመንግሥት ነው፤ ዋልያስ ግን የራሱ።

መሀል ላይ ትንሽ ባሕር ልሻገር። አየርላንድ የሚባለው አገር በዚያው ዘመን «ሾውባንድ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ስድስት ሰባት የሚሆኑ ልጆች፣ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው፣ ነፋስ መሣሪያ ይዘው፣ የአሜሪካንን ዘፈን እየቀዱ በገጠሩ ዳንስ ቤት ሁሉ ይዞራሉ። ሮያል የሚባለው ሾውባንድ እ.ኤ.አ. በ1962 ሊቨርፑል ላይ ሲጫወት መድረክ የከፈቱለት እነማን መሰሏችሁ? ቢትልሶች! ከዚያ ግን የሰሜን አየርላንድ ግጭት መጣ። ሐምሌ 1967 (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1975) ማያሚ ሾውባንድ ሥራ ጨርሶ ሌሊት ወደ ደብሊን ሲመለስ ታጣቂዎች የወታደር ልብስ ለብሰው ኬላ ዘርግተው አስቆሟቸው። ሦስት ሙዚቀኞች ተገደሉ። መኪናቸው ውስጥ ሊቀብሩት የነበረው ቦምብ በእጃቸው ፈንድቶ ከገዳዮቹም ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ባንዶች ድንበር ተሻግረው መሄድ ፈሩ። ዲስኮው ደግሞ መጣ፤ አንድ ሰው ሸክላ ቢያጫውት ከሰባት ሰው ይረክሳል። ይሄን ሳነብ የራሳችንን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ሌሊት መንገድ ላይ ኬላ መፍራት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ወሎዬዎች ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ወደ ዋልያስ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ከማህሙድ አህመድ ጋር አሜሪካ ሄደ። አሜሪካን የዞረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ የግል ባንድ ነው ይባላል። አድማጩ ግን ባመዛኙ ፈረንጅ አልነበረም፤ ከደርግ የሸሸ ሐበሻ ነው። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉን ጨምሮ ሌሎቹ ተመለሱ።

እኔ እዚህ ላይ ማንንም መውቀስ አልፈልግም። የቀረውም የተመለሰውም ልክ ነበር። ግን አስቡት፦ ለዓመታት አብረው ሌሊት ሌሊት የተጫወቱ ሰዎች ናቸው። ድራሙ ያለው አዲስ አበባ፣ ቤዙ ያለው ዋሽንግተን። የተመለሱት ስሙን ይዘው ቀጠሉ፤ ዮሐንስ ተኮላ እያቀናበረ እነ ነፃነት መለሰን አጅበዋል። የቀሩት ደግሞ ዙላ ባንድ ብለው ዋሽንግተን ላይ ሞከሩ። ሁለቱም ወገን ሠርቷል፤ ያ የሂልተኑ ባንድ ግን በዚያች ጉዞ አበቃ።

ኃይሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ካሴት ብቻውን ሠራ፤ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ኪቦርድና የድራም ማሽን። ሁሉንም እሱ ነው የተጫወተው። በእኛ አቆጣጠር 77 ነው። «ሰባ ሰባት» ሲባል ወሎ ውስጥ ሌላ ነገር ነው የሚታሰበው፤ ወላጆቻችን ያን ዓመት እህል ፍለጋ የተሰደዱበት፣ የቀበሩበት ነው። ካሴቱ እዚህ መድረስ አለመድረሱን የሚጠይቅም አልነበረም።

አሁን የሠርጉን ልጅ አስታውሱት። ከባንድ ሁሉ ባንድ የነበረው ሰው፣ ባንዱ ሲበተንበት፣ ብቻውን በኪቦርድና በማሽን ሙዚቃ ሠራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባም ላይ የሆነው ይሄው ነው። ሰዓት እላፊው ለዓመታት ቀጠለ፣ ሆቴሉ ለሰባት ሰው መክፈል ከበደው፣ ካሴት አሳታሚው ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሰው ከበቃው ለምን ሰባት ይቀጥራል? ሮሃን የመሰሉ ጠንካሮች በ1970ዎቹ ካሴት በካሴት እያጀቡ ቆዩ። ኋላ ግን ኪቦርዱ ትራምፔቱንም፣ ቤዙንም፣ ድራሙንም ዋጠው። ብዙ ሰው «ኪቦርድ ሙዚቃችንን አበላሸው» ሲል እሰማለሁ። እኔ እንኳ አልስማማም። ኪቦርዱ የመጣው ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ ነው፤ በባዶ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1991 መድረክ ተወ፤ ኋላም ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ያወጣና የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ይለማመዳል። ሃያ ዓመት አለፈ። አንድ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ ያቺን የ1985ቷን ካሴት አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለትና እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተማት። ከዚያ «ቼ በለው»ም ወጣ፣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ያኔ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 አካሌ ዉቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም ሠራ።

ደስ ይላል አይደል? ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል። ካሴቷ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ነበረች፤ በፊቷ ስንቶቻችን አልፈናል? ደግሞም የተመለሱት ኃይሉና ግርማ ናቸው እንጂ ዋልያስ አይደለም። ፈረንጅ ጋር ኃይሉ ሲጫወት አጃቢዎቹ ሌሎች ናቸው።

ለዚያ ልጅ ባለፈው ሳምንት «ሙዚቃዊ ስልት»ን በብሉቱዝ ላክሁለት። በማግስቱ ዕረፍት ሰዓት ላይ መጣ። «ቲቸር፣ ሰማሁት። ስንት ሰው ነው?» አለኝ። «ቁጠራቸው» አልኩት። የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አራት ላይ ሲደርስ ደወል ተደወለ።

እናንተስ፣ በሐራም ይሁን በመርሳ ወይ ወልድያ ባንድ ሲጫወት ያያችሁ ካላችሁ ዓመቱንና ቦታውን ጻፉልኝ። በተለይ ስለ ላሊበላ ኪነት የምታውቁ ታላላቆቻችን ወይ አባትና እናት ያላችሁ ጠይቁልኝ፤ የሚቀጥለው ጽሑፍ የናንተ ነው።