ስድሳዎቹ በሆሳዕና፦ ጉልበት፣ መሬትና የኃያላን ፉክክር በከምባታና ሐዲያ አውራጃ

ስለ ኢትዮጵያ አብዮት የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ አራተኛ ክፍለ ጦር ላይ የሚያበቃ ነው። የገጠሩ አውራጃ በዚህ ትረካ ውስጥ ብቅ የሚለው አዋጅ ሲታወጅለት ወይም ዘማች ተማሪ ሲላክበት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው፣ ዋና ከተማውም ሆሳዕና የሆነው የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ግን አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት በሠራተኞቹ፣ በአብያተ ክርስቲያኑና በተማሪዎቹ በኩል ከሰፊው ዓለም ጋር የተሳሰረ ነበር። በ1967 የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ደግሞ ጭሰኛውን ከባለ መሬት ያላቀቀውም፣ ልጁን ለጦር ሜዳ የመለመለውም ነው። የነጻነቱን ታሪክ ለብቻ፣ የግዴታውን ታሪክ ለብቻ የሚጽፉ ጥናቶች የዚህን አውራጃ ሕይወት አዛብተው ያቀርባሉ ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከመሬት ጥበት ይጀምራል። ከአንጋጫና ዶዮገና እስከ ዱራሜ፣ ሺንሺቾና ሾኔ ያለው ደጋና ወይና ደጋ ሕዝብ የተጨናነቀበት ነው። እንሰት በጥቂት መሬት ብዙ ቤተሰብ ስለሚመግብ ሕዝቡ በሀገሩ ሊኖር ቻለ። ነገር ግን ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ግብር አይከፍልም። ባለ መሬቱ ከምርቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ መንግሥት ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም በአመፅ ተነሣ። የከምባታና የሐዲያ ወጣት ግን ገንዘቡን ፍለጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረደ።

በዚያ ሸለቆ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ የመሠረተው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ቀድሞ በጃቫ ደሴት ይሠራ የነበረና ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ሌላ አገር የፈለገ ድርጅት ነው። በ1943 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1946 የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉ። አገዳ ቆራጮቹ በብዛት ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ነበሩ። በእስያ የቅኝ ግዛት መፍረስ ለአንድ የአንጋጫ ወጣት የደመወዝ በር ከፈተለት ማለት ነው። ሥራው ከባድ፣ ክፍያው ትንሽ፣ ወባውም የሚጥል ነበር። ሆኖም ለመስቀል፣ ማለትም ለሐዲያው ያሆዴና ለከምባታው መሳላ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ጨርቅ፣ ብርና ወሬ ነበር። ከወሬው መካከል የሠራተኛ ማኅበርና የሥራ ማቆም አድማ ይገኙበታል። የአውራጃው ገበሬ ስለ መደብ ትግል የሰማው ከዘማች ተማሪ አፍ ነው የሚለውን የተለመደ አባባል ለመቀበል የሚያስቸግረኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አውራጃውን ከሰፊው ዓለም ጋር ያገናኘው ሁለተኛው መስመር ሃይማኖትና ትምህርት ነው። ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው የፕሮቴስታንት ድርጅት ሚሲዮናውያን ወደ ደቡብ የዘለቁት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ጣሊያን ሲያባርራቸው የተዉት ምእመን ጥቂት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ብዙ ሆኖ፣ በራሱ ሽማግሌዎች ተደራጅቶ ጠበቃቸው። ይህ ልምድ በኋላ እንደገና አስፈልጓል። ከመስከረም 1955 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራንን ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ላከች። በ1966 ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ፖሊሲ የገጠሩን ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይዘልቅ ሊያደርገው ነው ተብሎ ሲወራ፣ የካቲት 11 የተጀመረው የመምህራን አድማ በየከተማው ደጋፊ ማግኘቱ አያስገርምም። ሊዘጋ የታሰበው በር አገዳ ቆራጩ አባት ልጁ እንዲያልፍበት የተመኘው በር ነበርና።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ይፈቅዳል፤ ይህ ልክ ለከምባታ ደጋ ከእውነት የራቀ ነበር፤ የሚከፋፈል ትርፍ መሬት አልነበረምና። ለውጡ ሌላ ነው፤ ጭሰኛው የሚያርሰውን ያንኑ መሬት ይዞ ድርሻ መክፈሉን አቆመ። የተነቃቀለ እንሰት፣ ከደጅ የቆመ ምስለኔና ያለ ዋጋ የተሠራ ሥራ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኋላው መከራ የዚያን ዓመት ደስታ ሐሰት አያደርገውም።

ያው አዋጅ ግን ቅጥር የእርሻ ጉልበትን ከለከለ፣ መሬትንም በማኅበሩ አባልነትና ነዋሪነት ላይ አሠረ። ራቅ ብሎ ሠርቶ የሚኖር ሰው ድርሻውን ማጣት የሚፈራበት ሁኔታ ተፈጠረ። በታኅሣሥ 1968 አዋጅ ቁጥር 71 ማኅበሩን ፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ ያለው አካል አደረገው፤ ቀጥሎም ግብር ሰብሳቢ ሆነ። በ1960 መንግሥት በባለ መሬቱ በኩል የፈለገውን ግብር አሁን ገበሬው ራሱ በመረጣቸው ሰዎች እጅ ማግኘት ቻለ።

የኃያላኑ ፉክክር በየቀበሌው የገባው በዚህ በማኅበሩ በር ነው። የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ረገጣ ምክንያት እርዳታ ሲቀንስ፣ ደርግ በሚያዝያ 1969 የቃኘው ጣቢያንና ሌሎች የአሜሪካ ተቋማትን ዘጋ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ዘልቆ ገባ። ሶቪየት ኅብረት ያስታጠቀቻትን ሶማሊያን ትታ ወደ ኢትዮጵያ ዞረች፤ ከኅዳር 1970 ጀምሮ መሣሪያ በአየር አጓጓዘች፤ የኩባ ወታደሮችም ተከተሉ። በሶማሊያ ጦር ተይዛ የነበረችው ጂጂጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ነጻ ወጣች። የጦርነቱ ታሪክ ሲተረክ ታንኩና የሶቪየት ጄኔራሎች ጎልተው ይታያሉ፤ በታጠቅ የጦር ሠፈር በጥቂት ወራት ሠልጥኖ የተሰለፈው የገበሬ ሚሊሺያ ግን ከቁጥር ያለፈ ቦታ አያገኝም። ሚሊሺያው የተመለመለው በገበሬ ማኅበር በኩል ነው። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ሊቀ መንበር ከሁለት ዓመት በፊት መሬት የደለደለው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። የተሰለፈውም የተሰጠውን መሬት እንዲጠብቅ ተነግሮታል፤ ብዙዎችም ይህን ከልባቸው አምነው ሄደዋል።

የኃያላኑ አሰላለፍ ሲለወጥ ጫናው በቤተ ክርስቲያንም ላይ ወረደ። የአዲስ አበባው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በመጋቢት 1969 ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ፤ ሚሲዮናውያን ወጡ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በከምባታና ሐዲያ ከኤስ.አይ.ኤም. ሥራ የበቀለችው የቃለ ሕይወትና የሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት በሮች ታሸጉ። ካድሬው ምእመኑን የኢምፔሪያሊዝም ቅሪት ይለው ነበር። ይህ ክስ አንድ ነገር ዘንግቷል፤ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ከጣሊያን ወረራ ጊዜ ጀምሮ ያለ ፈረንጅ መኖርን ያውቁ ነበር። ጉባኤው ከአዳራሽ ወደ ሳሎንና ጓሮ ተዛወረ እንጂ አልተበተነም።

ከሁሉ የረዘመ ዕድሜ ያገኘው በገዛ ቋንቋ መጻፍ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ 15 ቋንቋዎችን አቀፈ፤ ሐዲይሳና ከምባትሳም በግዕዝ ፊደል የማንበቢያ መጻሕፍት ታተሙባቸው። ያስተባበረው አሁንም የገበሬ ማኅበር ነው፤ በግዴታ የተቀመጠ ተማሪም በገዛ ቋንቋው ስሙን ጽፎ ተነሥቷል። ከ1983 በኋላ ሁለቱም ቋንቋዎች ወደ ላቲን ፊደል ተሻገሩ። ስለዚህ በዚያ ዘመቻ ማንበብ የተማረች ሴት ዛሬ የልጅ ልጇን የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጽሐፍ ስትከፍት የምታገኘው ያልተማረችውን ፊደል ነው።