ከክኒኑ በፊት ያለው መንገድ፦ ነጻ የኤች አይ ቪ ሕክምና በነጌሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች

የሦስት ወር ክኒን የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲነቀነቅ ይንሿሿል። ክኒኑን እዚያው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፌስታል ላይ ገልብጠው፣ ቋጥረው፣ ባዶውን ጠርሙስ ጥለው የሚወጡ ታካሚዎች አሉ። ነርሶች ሙቀትና እርጥበት መድኃኒቱን እንዳያበላሸው ከጠርሙሱ አታውጡት ይላሉ። ምክሩ ትክክል ነው፤ በተለይ እንደ ቦረና ባለ ቆላ። ታካሚዋን ያስጨነቃት ግን ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ድምፁን የምትሰማው ጎረቤቷ ናት።

በነጌሌ ቦረና፣ በሻኪሶ፣ በያቤሎና በሞያሌ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ገንዘብ አይጠየቅበትም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ «ነጻ» የሚለው ቃል የክኒኑን ዋጋ እንጂ የትራንስፖርቱን፣ የዋለበትን ቀንና የምስጢሩን ዋጋ አይነካም የሚል ነው። የሕክምናው ታሪክም ከዚህ ወገን ሲታይ ከተለመደው አተራረክ ይለያል።

በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ በደም ናሙና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መድኃኒቱ በ2003 በክፍያ ገባ፤ በ2005 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካው የኤድስ ዕርዳታ ፕሮግራም በፔፕፋርና በግሎባል ፈንድ ድጋፍ ነጻ ሆነ። ብዙ ጊዜ እንደ ትልቁ ምዕራፍ የሚነገረው ይኸኛው ነው። ለቆላው ሰው ግን የ2006ቱ ውሳኔ ይበልጥበታል እላለሁ፤ ሕክምናው ከሆስፒታል ወርዶ በጤና ጣቢያ፣ በነርስና በጤና መኮንን እጅ መሰጠት የጀመረው ያኔ ነውና።

ነጌሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በጥር 1966 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጦር ሰፈሯ ወታደሮች በውሃና በምግብ ተማረው ያመፁባት፣ የአብዮቱ ዋዜማ ሲነሳ ስሟ አብሮ የሚነሳ ከተማ ናት። ወታደሩ ዛሬም አለ። በሻኪሶና በአዶላ በኩል ወርቅ ቆፋሪው ጉድጓድ በተገኘበት ይሰፍራል፤ በሞያሌ በኩል ሹፌሩና የከብት ነጋዴው ድንበር ይሻገራሉ፤ አርብቶ አደሩ ደግሞ ውሃና ሣር ይከተላል። በየጊዜው ተመሳሳይ በር ላይ ቁም የሚል ቀጠሮ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ አልተሰፋም።

በዚያ ላይ በሩ ራሱ ያጋልጣል። የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናው (የኤ አር ቲ) ክፍል ለብቻው ነው፤ ካርዱም ለብቻው። ትልቅ ከተማ ውስጥ በር ላይ የቆመን ሰው ማንም ልብ ላይለው ይችላል፤ ቆላ ከተማ ውስጥ ግን ወረፋው ላይ የባልሽ እኅት ትኖራለች። ስለዚህ የአንዱ ከተማ ሰው የቅርቡን ጤና ጣቢያ አልፎ ሌላ ከተማ ድረስ ተሳፍሮ ይታከማል። ነጻውን መድኃኒት ለማግኘት የሚከፍለው ትልቁ ሂሳብ ይኼ ነው፤ መዝገብ ላይ ግን የለም። ገንዘቡ አልቆ አንድ ቀጠሮ ሲያልፈው መዝገቡ «የጠፋ» ይለዋል። ቃሉን አልወደውም። ሰውየው ያለበትን ያውቃል፤ የጎደለው የመሳፈሪያ ነው።

ይህን ሂሳብ በእውነት የቀነሰው ከ2017 ጀምሮ የተዘረጋው የስድስት ወር ቀጠሮ ነው። ሕክምናው የረጋለት ታካሚ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ መጥቶ መድኃኒቱን ይወስዳል። መርጋቱን የሚያረጋግጠው በዋናነት በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው፤ ናሙናው ቅዝቃዜውን እንደጠበቀ፣ አንዳንዴም በፖስታ አገልግሎት ተጓጉዞ፣ ሩቅ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። መንገዱ ሲበላሽ ወይም ሲዘጋ ውጤቱ ይዘገያል፤ ውጤቱ ሲዘገይ የስድስት ወሩ ቀጠሮም ይዘገያል።

ክኒኑ ራሱም ተለውጧል። ከ2020 እስከ 2023 አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ የቦረና ከብት አለቀ። «ባዶ ሆዴን እንዴት ልዋጠው» የሚለው አሮጌ ጥያቄ ያኔ ተመልሶ መጣ። ዶሉተግራቪር ያለበት የዛሬው ክኒን ግን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ይህን ለታካሚው በኦሮምኛ ተቀምጦ የሚያስረዳው ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ሳይሆን ራሱ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር፣ ታካሚዎች መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ የሚደግፍ አድኸረንስ ሰፖርተር ነው።

በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ፣ በዚያው ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ የተወራው ስለ ክኒኑ ነበር፤ መድኃኒቱ ይቋረጥ ይሆን ወይ ተባለ። እኔን ያሳሰበኝ ስልኩ ነው። ቀጠሮ ያለፈውን ሰው ደውሎ የሚፈልግ፣ ሌላ ሰው ቢያነሳው ከየት እንደደወለ ሳይናገር የሚዘጋ፣ ማታ መልሶ የሚሞክር ሰው ደመወዝ ከዚያው በጀት ይወጣ ነበር።