የባሻ ጢምና የዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት

ዛሬ ስለ ድመትና ስለ ዶሮ ታሪክ ልጽፍላችሁ ነው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም እኔን ግን አንድ ሌሊት ሙሉ አስጨንቆኛል።

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ሚኤሶ በሚገኘው የኪራይ ቤታችን ጓዳ ውስጥ፣ ላባዋ ከተነጨ ዶሮ ፊት ለፊት ቢላ ይዤ ቆሜ ነበር። ባለቤቴ የሦስት ሳምንት አራስ ናት። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ዶሮ የሚበልት እጅ ቢፈለግ በቤቱ የቀረው የእኔ ብቻ ነበር። ይህ እጅ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ከስንት ሰው መዳፍ ያለፈ፣ ላብና አቧራ የጠጣ ብር ሲቆጥር አይጸየፍም፤ ጥሬ ዶሮ ሲነካ ግን ይንቀጠቀጣል። ፍርሃቴ ለራሴ አልነበረም። ከግድግዳው ማዶ የሦስት ሳምንት ሕፃን ተኝቷል፤ ከዶሮዋ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ እርሱ የሚሻገር ነገር ቢኖርስ እያልሁ እጨነቅ ነበር።

ከእግሬ ሥር ድመታችን ባሻ ተቀምጧል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ «ይህን የመሰለ ጢም ይዞ ያለ ማዕረግ አይጠራም» ብለው። እውነትም ነጭ፣ ረጅም፣ የድሮ ወታደር የሚያስቀና ጢም ነው። መጀመሩን ስፈራ ጊዜ ለመግዛት ቆጠርሁት፤ በቀኝ አሥራ ሁለት፣ በግራ አሥራ ሁለት። ዶሮም በባህላችን አሥራ ሁለት ብልት ይወጣላታል። የቁጥሩ መግጠም አጋጣሚ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም እነዚህ ሁለት ፍጥረታት ከየት መጥተው በእኔ ጓዳ እንደተገናኙ ለማወቅ ከበዓሉ በኋላ መጻሕፍት አገላበጥሁ።

የቤት ድመቶች ሁሉ ከሰሜን አፍሪካና ከቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት መወለዳቸውን በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴትም ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ ድመት አፅም ተገኝቷል። የጥንት ግብፃውያን ድመት ሲሞትባቸው ለኀዘን ቅንድባቸውን ይላጩ እንደነበር ሄሮዶተስ ጽፏል። ድመት ግን ወደ ሰው ቤት የመጣው ተጠርቶ አይደለም። ሰው እህል አከማቸ፤ እህሉን ተከትሎ አይጥ መጣ፤ አይጡን ተከትሎ ድመት ገባ።

ዶሮ ደግሞ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ልጅ ናት። በትግራይ ጉሎ መኸዳ አካባቢ፣ መዝበር በተባለው ጥንታዊ ስፍራ፣ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የዶሮ አጥንት መገኘቱን ህሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዶሮ ወጣችንን የሚያቀላው በርበሬም ቢሆን ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። በበዓል ማዕዳችን መካከል የምናስቀምጠው ወጥ የነጋዴና የመንገድ ሥራ አለበት ማለት ነው። ይህን ለሚኤሶ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም፤ ከተማዋ ራሷ የመንገድ ልጅ ናትና። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሚኤሶን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚያልፈው በዚሁ በእኛው በኩል ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልመለስ። ቁርጥና ክትፎ አማርጦ የሚበላ ሕዝብ ጥሬ ዶሮ ወደ አፉ አያቀርብም። ሳልሞኔላ የተባለው ተህዋስ በአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም በዳንኤል ሳልሞን ስም የተጠራው በ1885 እ.ኤ.አ. ከተገኘ በኋላ ነው። የእኛ እናቶች ይህን ስም ሳይሰሙ ዶሮዋን በፈላ ውኃ ነክረው ይነጫሉ፤ በእሳት ይለበልባሉ፤ ሐሞቷ እንዳይፈስ ተጠንቅቀው ይበልታሉ፤ ውኃው እስኪጠራ ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግመው ያጥባሉ።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። ሎሚና ጨው ጠረኑን ያጠፋሉ እንጂ ተህዋሱን ሁሉ አይገድሉም፤ የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው እስከ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት። እንዲያውም ጥሬ ዶሮ ሲታጠብ ፍንጣቂው ተህዋሱን ወደ ሌላ ዕቃ ስለሚያደርስ፣ ባለሙያዎች ዛሬ «አትጠቡ» ይላሉ። እኔም በእናቴ ወግና በባለሙያዎቹ ምክር መካከል ቆምሁ። አለማጠብ እናቴን መካድ መሰለኝ፤ ማጠብ ደግሞ ልጄን አደጋ ላይ መጣል።

መልሱን ያገኘሁት ባሻን ሳይ ነው። ድመት ሩቅ ቢያይም አፍንጫው ሥር ያለውን አጥርቶ አያይም። ስለዚህ ሊነክስ ሲቀርብ ጢሙን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ሥሩ ከሌላው ጠጉር ይልቅ ጠልቆ በነርቭ የተከበበ ነውና የማያየውን በእርሱ ይዳስሳል። ባሻም የዶሮዋ ጠረን እያወደው፣ ጢሙን ዘርግቶ፣ እየለካ ነበር። የፍርሃቴ ጥቅም ይህ ነው አልሁ በልቤ፤ ከሥራው ሊያስሸሸኝ ሳይሆን ልኩን ሊያሳየኝ ነው።

ስለዚህ የሕፃኑን ዕቃ ሁሉ ከጓዳው አወጣሁ። ዶሮዋን ከቧንቧ ሥር ሳይሆን በጥልቅ ሳፋ ውስጥ፣ ውኃው ሳይረጭ በቀስታ አጠብሁ። ሎሚውንም ጨውንም አላስቀረሁም። ቢላውንና መክተፊያውን በሳሙና አጥቤ የፈላ ውኃ አፈሰስሁባቸው፤ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብሁ። ባሻ አንገቷን ፈልጎ ቢያለቃቅስም ጥሬ አልሰጠሁትም፤ ጉበቷን ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ ሰጠሁት።

ሌሊት እትዬ ወጡን ሊያዩልኝ መጡ። ማማሰያውን ተቀብለው ብልቱን ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። «አሥራ አንድ ነው፤ ፈረሰኛውን ከምን ጋር አጣብቀህ ነው የተውኸው?» ብለው ሳቁብኝ። ባለቤቴ ከመኝታዋ ሆና ሳቀች፤ ሕፃኑም ነቅቶ አለቀሰ። እናቴ ብትኖር አሥራ ሁለት ይሆን ነበር። ለሚመጣው ዓመት ግን አንዲት ብልት ብቻ ናት የቀረችኝ።

ቸር ይግጠመን።