ስድስት ወርና ስድሳ ቀን

በጋሞ ደጋ፣ በጨንጫና በዶርዜ፣ ጥጥ መፍተል የሴት፣ ሽመና ደግሞ የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ፈታይዋ እናት እንዝርቷን ለአፍታ አስቀምጣ ልጇን ታጠባለች፤ ሥራውና ሕፃኑ በአንድ ጣራ ሥር ስለሚውሉ ፈቃድ የሚጠየቅ የለም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጨንጫ ወደ አርባ ምንጭ ከተዛወረ፣ በኋላም በከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ ግን ክሩ ከቤት ወጣ። እናቲቱ ክሩን ተከትላ ስትሄድ ሕፃኑ እቤት ቀረ።

የመንግሥት ጥረት ለረዥም ጊዜ ያተኮረው በማስተማር ላይ ነበር። እንገሩን አፍስሶ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ትምህርቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1973 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን የሽያጭ ማስታወቂያ የሚገድብ ደንብ አጸደቀ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየገጠር ቀበሌው ሴት ሠራተኞች ሲመደቡ ምክሩ እስከ ጎጆው ደረሰ። በአገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 49፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 58 ነበሩ። ዕድገት ነው፤ ነገር ግን አዝጋሚ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው 1996 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሕፃናት አመጋገብ ስትራቴጂ፣ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ውኃ እንኳ ሳይጨመርለት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ግን ለወላዷ ከወሊድ በኋላ የፈቀደው 60 ተከታታይ ቀን ነበር። አንዱ ሰነድ ሌላውን ያነበበ አይመስልም።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፈቃዱን ወደ 90 ቀን ከፍ አደረገው። ይህም ቢሆን 26 ሳምንት ከሚሆነው ስድስት ወር በብዙ ያንሳል። ጡት እንደ ውኃ ጋን ሞልቶ ባለቤቱን አይጠብቅም፤ ሳይጠባና ሳይታለብ ከዋለ ምርቱ ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሥራ የተመለሰችው እናት ምክሩን እያወቀች እንኳ ሕፃኑን በላም ወተት ወይም በአጥሚት ለመደገፍ ትገደዳለች።

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ይህ ሕፃኑን እንደ ጥንቱ ወደ ሥራው አጠገብ የሚመልስ በመሆኑ ከብዙ ስብከት ይሻላል።

ከጨንጫ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ የምትወርደው ነጋዴ ግን አሠሪ ስለሌላት አንዱም አዋጅ አይነካትም። ከመንግሥት በኩል ደጃፏ የምትደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ እርሷም ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ ቁልቁለቱን ትያያዘዋለች።