ቡዳ ያልነው ማንን ነው?

በ1894 እ.ኤ.አ. በፈረንሣይ አገር አይሁዳዊው ሻምበል ድሬይፉስ በሐሰት ተከሶ በሀገር ክህደት ተፈረደበት። ይህን የፈረንጅ በሽታ ነው ብለን እንለፈው? የለም! እኛም ቤተ እስራኤልን ‹ፈላሻ› ብለናል። ትውፊቱ እንደሚለው በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ወግተው ርስታቸውን ነሷቸው። መሬት ያጣው በመዶሻና በሸክላ አደረ፤ ቀጥሎ ሙያው ራሱ ክስ ሆነበት፦ ‹ቡዳ፣ ማታ ጅብ የሚሆን!› ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን አልቀረም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ቃሉ እዚሁ ቀረ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቀጥቃጭ ይጠራበታል። ወልድያም በሉት መርሳ፣ ሀብሩም ቢሆን፣ ማረሻውን ገዝተን ልጃችንን ከዓይኑ የምንሸሽግ አለን። ወገን፣ ማረሻው ካበላን የሠራው እጅ ለምን ይረክስብናል?